አንድ ኮድ፣ ብዙ ሰርቨር፦ የቢልድ ኮንፊግዎን ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሶፍትዌርዎ ከፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ወጥቶ ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኖራል፤ የሚጻፍበት ዴቭ፣ የሚፈተንበት ስቴጂንግ፣ እውነተኛው ሥራ የሚካሄድበት ፕሮዳክሽን። ደንበኛዎ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ከሆነ ደግሞ አራተኛው ቦታ የደንበኛው የራሱ ዳታ ሴንተር ነው፤ እዚያ እርስዎ እንደልብዎ አይገቡም። ኮዱ አንድ ሆኖ ሳለ የዳታቤዙ አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የክፍያ ቁልፉ በየቦታው ይለያያል። ይህ ልዩነት የት ይቀመጥ? ኮዱ ውስጥ፣ ቢልዱ ውስጥ ወይስ ከሁለቱም ውጭ? ፕሮጀክቱ ሲጀመር በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ውሳኔ ይመስላል። ሥራው ካደገ በኋላ መቀየር ግን ወራት ይፈጃል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወቅቱ ማንሳት የሚበጀው ለዚህ ነው።

የሚለያየውንና መለያየት የሌለበትን ለይተው ጽፈዋል?

አንድ ኤክሴል ይክፈቱና በየቦታው የሚለያየውን ሁሉ ይዘርዝሩ። አድራሻና ፖርት አንድ ወገን ነው። ምስጢር ሌላ ወገን ነው፤ የይለፍ ቃል፣ የክፍያ ቁልፍ፣ የኤስኤምኤስ ቶክን። ሦስተኛው ባህሪ ነው፤ ለምሳሌ አዲሱ የወለድ ስሌት በስቴጂንግ ተከፍቷል፣ በፕሮዳክሽን ገና ዝግ ነው። ብዙ ቡድኖች ሦስቱንም አንድ ፋይል ውስጥ ያጭቋቸዋል። አድራሻን ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም፤ ምስጢርን ማየት ያለበት ጥቂት ሰው ነው፤ ባህሪ እንዲቀየር የሚያዝዘው ደግሞ የሥራው ባለቤት እንጂ የሰርቨር ባለሙያው አይደለም። ባለቤታቸው የተለያየ ነገሮች አንድ ቦታ ከተቀመጡ፣ አንዱን ለማየት የተፈቀደለት ሁሉንም ያያል።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ግን ከዝርዝሩ የሚቀረውን አራተኛ ወገን ነው፤ መለያየት ሳይገባው ማንም ሳያስበው የሚለያየውን። ሰዓትን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል። የፕሮግራመሩ ላፕቶፕ የሚሄደው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ የዶከር ኮንቴነር ግን ካልነገሩት በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ይሄዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተፈጸመ ክፍያ በሰርቨሩ ዘንድ ገና የትናንት ነው፤ የዕለቱ መዝጊያ ሪፖርትም ከእውነተኛው ሂሳብ ጋር አይገጥምም። ላፕቶፕ ላይ ይህ ስህተት ዓመት ቢፈለግ አይገኝም።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ሲጫን በራሱ የሚይዘው የፊደል ስብስብ ላቲን-1 ነበር፤ ግዕዝን የሚችለው ዩቲኤፍ-8 ነባሪ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 ነው። ዴቭ ላይ 8.0 ተጭኖ ደንበኛው ዘንድ አሮጌው ካለ፣ በላፕቶፕ ያለ እንከን የተመዘገበ የአማርኛ ስም እዚያ ወይ ስህተት ያስነሳል ወይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንዴ በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ቅንብሩ ቢስተካከልም አይመለስም። ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ሲስተም ካለዎትም አነስ ተደርገው የተዘጋጁ የዶከር ኢሜጆች የግዕዝ ፎንት እንደማይዙ ይወቁ፤ ላፕቶፕ ላይ ያማረው ደረሰኝ ሰርቨር ላይ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ይሆናል። የእነዚህ መፍትሔ ለየቦታው ኮንፊግ ማብዛት አይደለም። የሰዓት ሰቁ፣ የፊደል ስብስቡ፣ ፎንቱ፣ የጃቫው ወይም የኖዱ ቨርዥን በግልጽ ተጽፎ ሁሉም ቦታ አንድ ይሁን።

ቢልዱ አንድ ነው ወይስ ለየቦታው ይሠራል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ አቋሜንም አልደብቅም። ቢልድ አንዴ ይደረግ፣ ያው ራሱ ከስቴጂንግ ወደ ፕሮዳክሽን ይሻገር፣ የሚለያየው ሁሉ ከውጭ ይግባለት።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የሄሮኩ መሥራች ከነበሩት አንዱ አዳም ዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 «ትዌልቭ ፋክተር አፕ» የተባለ ባለ 12 ነጥብ መመሪያ አወጣ። ሦስተኛው ነጥብ ኮንፊግ ከኮድ ይለይ ይላል፤ አምስተኛው ቢልድ ማድረግ፣ ቢልድን ከኮንፊግ ማጣመርና ማስኬድ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ይሁኑ ይላል። መፈተኛም አለው፤ ኮድዎን በዚህች ደቂቃ ለዓለም ክፍት ቢያደርጉት የሚጋለጥ ምስጢር አለ? ካለ ኮንፊግዎ ገና ከኮዱ አልወጣም።

ሜቨን ፕሮፋይል በሚባለው ዘዴ ለስቴጂንግ አንድ ጃር፣ ለፕሮዳክሽን ሌላ ጃር ማውጣት ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችን የተማርነውም እንዲያ ነው። ችግሩ ፈታኙ ያጸደቀው ጃርና ደንበኛው የሚቀበለው ጃር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። ቀማሹ ከአንዱ ድስት ቀምሶ ለእንግዳው ከሌላ ድስት እንደሚቀርብለት ዓይነት ነው። የስቴጂንጉ ማክሰኞ ተሠራ፣ የፕሮዳክሽኑ ሐሙስ ተሠራ እንበል። በመካከሉ አንድ ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የቢልድ ሰርቨሩ ጃቫ ታድሶም ሊሆን ይችላል። ኮዱ አንድ ፊደል ሳይቀየር ውጤቱ ይቀየራል።

ቢልዱ አንድ መሆኑን በስም ብቻ አይመኑ። የዶከር ኢሜጅ ላይ የሚለጠፈው «ሌተስት» የሚለው ታግ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊያመለክት ይችላል። የማይንቀሳቀሰው ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኘው የሻ-256 ቁጥር ነው። ስቴጂንግ ላይ የጸደቀውና ፕሮዳክሽን ላይ የሚሄደው ቁጥራቸው አንድ ከሆነ በእርግጥም ያው ዕቃ ነው።

አንድ ቢልድ የማይሆንላቸውስ?

አሉ። በሪአክት ወይም በቪዩ የተሠራ የድር ገጽ የሚሄደው በተጠቃሚው ብራውዘር እንጂ በእርስዎ ሰርቨር አይደለም፤ ስለዚህ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የሚያነብበት ቦታ የለውም። ቪትና ኔክስት የመሳሰሉት መሣሪያዎች ለብራውዘሩ የሚፈቀዱትን ቫሪያብሎች በስማቸው መነሻ ይለዩና ቢልድ ሲደረግ እሴቱን ኮዱ ውስጥ ይተክሉታል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ቢቀይሩት ምንም ለውጥ አይመጣም። ማምለጫው ቀላል ነው፤ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ አንዲት ትንሽ የጄሰን ፋይል ከሰርቨሩ ይጠይቅ፣ አድራሻዎቹን ከእሷ ያንብብ። ፋይሏ በየቦታው ትለያያለች፣ ቢልዱ ግን አንድ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ወደ ገጹ የገባ ነገር ሁሉ በተጠቃሚው ዓይን ሥር ነው፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ለአንድ ቀን እንኳ አይቀመጥበትም።

አንድሮይድ ላይ ሁለት ቢልድ ማውጣት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የግሬድል ፍሌቨር የሙከራውን አፕ ሌላ መለያና ሌላ ቀለም ይሰጠዋል፤ ያኔ ሁለቱም አፖች በአንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይጫናሉ፣ የቅርንጫፍ ሠራተኛዋም በሙከራው አፕ እውነተኛ ገንዘብ የምታዘዋውር አይመስላትም። የመጨረሻው ፍተሻ ግን በእውነተኛው ቢልድ ይሁን። ፕሌይ ስቶር በውስጥ ሙከራ ያለፈውን ያንኑ ፋይል ሳይቀየር ወደ ፕሮዳክሽን ማሳደግ ይፈቅዳል፤ የአፕልም ቴስትፍላይት እንዲሁ። ኤፒኬ ፋይል ተፈትቶ የሚነበብ መሆኑን ደግሞ የማያውቅ ፕሮግራመር ካለ ዛሬውኑ ይንገሩት።

ለየደንበኛው ብራንች ከፍተዋል?

አንድን ሶፍትዌር ለብዙ ተቋማት የሚሸጡ ቤቶች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ሎጎው እንዲቀየርለት ይጠይቃል፣ ብራንች ይከፈትለታል። ሁለተኛው የቅጣት ወለድ አሰላሉ ይለያል፣ ሌላ ብራንች። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አንድ ስህተት ማረም አምስት ጊዜ ማረም ይሆናል። ከዚያም አንዱ ይረሳል፣ የተረሳውም ደንበኛ ከወራት በኋላ ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ሪፖርት ያደርጋል። ከሁሉ የሚከፋው ብራንቹን የከፈተው ልጅ ሥራ ሲለቅ ነው፤ ልዩነቱ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም፣ ለማጥፋትም የሚደፍር አይገኝም።

ሎጎ፣ የወለድ መጠን፣ የቅርንጫፍ ዝርዝር የኮንፊግ ነገር ነው። አሰላሉ ራሱ የሚለያይ ከሆነ ሁለቱም አሰላሎች አንድ ኮድ ውስጥ ይኑሩና የትኛው እንደሚሠራ ኮንፊጉ ይምረጥ። ሥራው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ አልክድም። ብራንች የከፈቱ ከሆነ ግን መመለሻው ከዓመት ዓመት ይረዝማል።

ፕሮዳክሽኑ በደንበኛው እጅ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። እዚያ የኮንፊግ ፋይሉን የሚሞላው የእርስዎ ሰው አይደለም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቅንብር ስም፣ ትርጉም፣ ምሳሌና ግዴታ መሆን አለመሆኑ የተጻፈበት የናሙና ፋይል ከቢልዱ ጋር አብሮ ይሂድ። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ የተጨመረው ቅንብር የትኛው እንደሆነ አብሮት ከሚላከው ደብዳቤ አናት ላይ ይጻፍ እንጂ በ40 ገጽ ማኑዋል ውስጥ አይቀበር።

ቅንብር ቢጎድል ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል?

መልሱ «አይነሳም» መሆን አለበት። የዳታቤዝ አድራሻ ሲጠፋ ዝም ብሎ ወደ ሎካልሆስት የሚሄድ፣ የክፍያ ቁልፍ ሲጠፋ በሙከራ ቁልፍ የሚቀጥል ሶፍትዌር ደግ መስሎ የሚጎዳ ነው። ሲነሳ ሁሉንም ቅንብር ይፈትሽ፣ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይቁም።

ዓይነቱንም ይፈትሽ። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው፤ «ፎልስ» ብለው የጻፉት ቃል በጃቫስክሪፕትም ሆነ በፓይተን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ስለሆነ እንደ እውነት ይቆጠራል፣ ያጠፉት ነገርም በርቶ ያድራል። ያምል የራሱ ወጥመድ አለው። የ1.1 ደንቡን በሚከተሉ አንባቢዎች የኖርዌይ የአገር ኮድ የሆኑት ሁለት ፊደሎች ሐሰት ተብለው ይነበባሉ፤ ስሙ እስከ ዛሬ «የኖርዌይ ችግር» ነው። እኛን የሚመለከተን ቁጥሩ ነው። በዚሁ ደንብ በዜሮ የሚጀምር የቅርንጫፍ ኮድ 0123 በስምንት ቤት ተቆጥሮ 83 ይሆናል፤ 12:30 ተብሎ የተጻፈ ሰዓትም 750 ይሆናል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ ያበቃል።

ምስጢሩን ማን ያያል? ለመቀየርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ኡበርን የሰበሩት ሰዎች የኩባንያው ፕሮግራመሮች በሚጠቀሙበት የግል የጊትሃብ ሪፖዚተሪ ውስጥ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ አገኙ። በዚያ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃ ተወሰደ። ኩባንያው ጉዳዩን ይፋ ያደረገው ከዓመት በኋላ በኅዳር 2017 ነበር፤ በ2018 ለአሜሪካ ግዛቶች 148 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሪፖዚተሪው ዝግ ነበር። «የእኛ እኮ ፕራይቬት ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ጊት አይረሳም፤ ዶት ኢንቭ ፋይሉን ዛሬ ቢሰርዙት በታሪኩ ውስጥ አለ። አንዴ የገባ ምስጢር መፍትሔው መሰረዝ ሳይሆን መቀየር ነው። የኩበርኔትስ «ሲክሬት»ም በስሙ እንዳያታልልዎ፤ ቤዝ-64 ማመስጠር አይደለም፣ ማንም በአንድ ትእዛዝ ይፈታዋል።

ታዲያ ቮልት እንትከል? እዚህ ላይ ቸኩለው አይወስኑ። ሃሺኮርፕ ቮልት ጥሩ የምስጢር ማከማቻ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ተቆልፎ ነው የሚነሳው። በነባሪው አሠራር መክፈቻው ለ5 ሰው ይከፋፈላል፣ ለመክፈት 3ቱ ያስፈልጋሉ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ቢዘገይ ሦስት ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ ሊኖርብዎ ነው። በክላውድ ቁልፍ ራሱን እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ ደንበኛው ባንክ ከክላውድ ጋር መገናኘትን የሚከለክል ከሆነ ግን ያ መንገድ ዝግ ነው። አራት ፕሮግራመር ላለው ቡድን በሶፕስ ወይም በአንሲብል ቮልት የተመሰጠረ ፋይል ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁሉም ሰርቨር ያንኑ እየሠራ መሆኑን አሁን ማወቅ ይችላሉ?

ናይት ካፒታል አልቻለም ነበር። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ትልቅ ተገበያይ የነበረው ይህ ኩባንያ ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ለሚጀመር አዲስ የኒውዮርክ ገበያ ፕሮግራም አዲስ ኮድ አዘጋጀ። ኮዱ የሚጫነው በ8 ሰርቨሮች ላይ ነበር፤ ባለሙያው በ7ቱ ላይ ጫነ፣ ስምንተኛው ቀረ። ሥራውን በሁለተኛ ሰው የማስፈተሽ የተጻፈ አሠራር አልነበረም።

አንድ ሰርቨር አሮጌ ሆኖ መቅረቱ ብቻውን ባልገደለ። አዲሱ ኮድ የሚነሳው ቀድሞ ለሌላ ሥራ ያገለግል በነበረ ፍላግ ነበር። ያ ፍላግ ድሮ «ፓወር ፔግ» የተባለ ተግባር ያስነሳ ነበር፤ ተግባሩ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አይሠራበትም፣ ኮዱ ግን አልተሰረዘም። ገበያው ሲከፈት ፍላጉ በሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን፣ በስምንተኛው የሞተውን አስነሳ። ስምንተኛው ትእዛዝ መሙላቱን ሳይቆጥር እየደጋገመ ይልክ ጀመር። ከ212 የደንበኞች ትእዛዝ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ወጣ። ቴክኒሻኖቹ ችግሩ አዲሱ ኮድ መስሏቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ነቀሉት፤ ያን ጊዜ ሰባቱም አሮጌውን ማስነሳት ያዙ። በ45 ደቂቃ ውስጥ የተገዛውና የተሸጠው ኩባንያውን ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው፤ የአገሪቱ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪም በቀጣዩ ዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስለ ፓወር ፔግ የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማንቂያ ያነበባቸው አልነበረም።

ከዚህ ሦስት ነገር ይውሰዱ። እያንዳንዱ ሰርቨር ቨርዥኑንና የኮንፊጉን አሻራ የሚናገርበት አንድ አድራሻ ይኑረው፤ ዲፕሎይ ያደረገው ስክሪፕትም ሁሉንም ጠይቆ አንድ ካልሆኑ ይጩህ። የፍላግ ስም ለሁለተኛ ሥራ አይዋል። ያለቀ ፍላግ ከነኮዱ ይሰረዝ።

የኮንፊግ ለውጥስ እንደ ኮድ ለውጥ ይታያል?

በብዙ ቤት አይታይም። ኮድ ሁለት ሰው ያየዋል፣ ይፈተናል፤ ኮንፊግ ግን አንድ ሰው ማታ ገብቶ ይቀይረዋል። ሐምሌ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ለደንበኞቹ የላከው አዲስ ፕሮግራም አልነበረም፤ የነበረው ፕሮግራም የሚያነበው የይዘት ፋይል ነበር። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ አየር መንገዶች ቆሙ። ፋይሉ በየደረጃው ሳይሆን ለሁሉም ባንዴ ነበር የተላከው።

በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳሉ ያውቃሉ?

ጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የጊትላብ ባለሙያ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ሰረዘ፤ የስድስት ሰዓት ገደማ መረጃ ጠፋ። የፕሮዳክሽን ተርሚናል ቀይ ይሁን፣ የሰርቨሩ ስም በጉልህ ይታይ። ስትራይፕም ሆነ ቻፓ የሙከራና የእውነተኛ ቁልፍ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ ስቴጂንግ በእውነተኛ ቁልፍ፣ ፕሮዳክሽን በሙከራ ቁልፍ ልነሳ ቢል ሶፍትዌሩ እምቢ ይበል። ኤስኤምኤስም እንዲሁ፤ ከስቴጂንግ የሚወጣ መልእክት ከተፈቀዱ የሠራተኞች ቁጥሮች ውጭ አይሂድ። ለሙከራ የተጻፈ «ብድርዎ ተፈቅዷል» ለእውነተኛ ደንበኛ ቢደርስ በይቅርታ ብቻ አያልፍም።

መሣሪያውስ?

ዝርዝርዎ አንድ ገጽ ከሆነ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልና የተመሰጠረ ፋይል ይበቃሉ። ኩበርኔትስ ላይ ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኩቤክትል ውስጥ የተካተተው ከስተማይዝ መሠረቱን አስቀምጦ ልዩነቱን ብቻ ስለሚደርብ ለማንበብ ይቀላል፤ ሄልም ለብዙ ደንበኞች ሲያከፋፍሉ ይሻላል። በቴራፎርም «ወርክስፔስ» ዴቭንና ፕሮዳክሽንን መለየት ያምራል፤ ነገር ግን የተለየ የመግቢያ ፈቃድ ለሚያስፈልጋቸው ቦታዎች እንዳልተሠራ የራሱ መመሪያ ይናገራል።

ስንት ቦታ ያስፈልግዎታል? ዳታውስ ከየት ይመጣል?

አምስት ኢንቫይሮመንት ያለው ቡድን የተደራጀ ይመስላል። ማንም የማያድሰው ስቴጂንግ ግን ከሌለ ስቴጂንግ ይከፋል፤ በእሱ ላይ ያለፈ ፈተና የሐሰት ማረጋገጫ ነው። ትንሽ ቡድን ከሆኑ ዴቭን በየላፕቶፑ አድርገው አንድ ስቴጂንግና አንድ ፕሮዳክሽን ይያዙ፤ ሁለቱ በቨርዥንና በቅንብር የሚመሳሰሉ፣ በመጠን ብቻ የሚለያዩ ይሁኑ።

ስቴጂንግን እውነተኛ ለማስመሰል የፕሮዳክሽንን ዳታ እንዳለ መቅዳት ብዙ ቦታ ይደረጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የቴክኒክ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ በስቴጂንግ ላይ ያለው የደንበኛ ስልክና የሂሳብ ቁጥር ከፕሮዳክሽኑ ያነሰ ጥበቃ አይገባውም፣ በተግባር ግን ሁሉም ሠራተኛ ያየዋል። መቅዳት የግድ ከሆነ ስምን፣ ስልክንና የሂሳብ ቁጥርን የሚለውጠው ስክሪፕት በፕሮዳክሽኑ ወገን ይሂድ፤ ዳታው ከዚያ የሚወጣው ከተለወጠ በኋላ ይሁን። ስቴጂንግ ላይ ካረፈ በኋላ ቢለወጥ፣ ባክአፑ ውስጥ ዋናው ቀድሞ ገብቷል።